ሃያ ኮት፣ አርባ ግራ እጅጌ

ይድረስ ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ፣ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? እጅሽስ? ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ የጠየቅሁሽ መስሎሽ ቶሎ ወደ ታች እንዳትወርጂ። እዚሁ ላይ ትንሽ ቆዪና ለራስሽ መልሺ። ልጅሽስ ደህና ናት? ከመስኮቱ ሥር ያለችው የስፌት መኪናሽ አሁንም እያጉረመረመች ትሠራለች?

በወጉ ቢሆን «እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብዬ እቀጥል ነበር። ባለቤቴ ደህና ናት። ናፍቆትሽም አለ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ደህና አልነበርኩም። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንደኛውን ጊዜ «ደንበኛ መጣ» ብለሽ ዘጋሽው። ሁለተኛውን ጊዜ ስለ አየሩ ጠየቅሽኝ፣ ስለ አየሩ መለስኩልሽ፣ በዚያው ተለያየን። ደብዳቤ ግን ጀምረሽ እንደማትተዪ አውቃለሁ። ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ በመዳፍሽ አስተካክለሽ ዘርግተሽ እስከ መጨረሻው መስመር የምታነቢ ሰው ነሽ። ይህንንም እንደ ሳሙናው ጋዜጣ አንብቢልኝ።

እንግዲህ ልንገርሽ፤ ተናድጄብሻለሁ። ቆሽቴ ነው ያረረው። ከዚህኛው በፊት ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ። የመጀመሪያው ከላይ እስከ ታች ስድብ ነበር፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው ስድብ ሆኖ መጨረሻው ላይ ይቅርታ ነበረው፤ እሱንም ቀደድኩት። ሦስተኛውን በንጹሕ ገልብጬ ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። ለምን እንዳልላክሁት ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

እኛ ዘንድ የሰነበትሽበትን ሳምንት አስታውሺ። ቅዳሜ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ልትተክዪልኝ ክር ፍለጋ ተነሣሽ። ክር የሚቀመጠው ሳሎን ነው፤ አንቺ ግን ሰው ቤት ዕቃ ስትፈልጊ ፖሊስ ነሽ፣ ያልከፈትሽው በር አይኖርም። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ከፈትሽና መድኃኒቴን ይዘሽ ወጣሽ። መነጽርሽን አላደረግሽም ነበር። የዚያን መድኃኒት ረጅም ስም ሳትንተባተቢ አነበብሽው። ስንቱን ነው የምትወስደው አልሽኝ፤ ነገርኩሽ። ብዙ ነው አልሽ። ከዚያ ወንበር ስበሽ ተቀመጥሽና ስብከትሽን ጀመርሽ።

ምን ጎደለህ አልሽኝ። ሚስት አለህ፣ ሥራ አለህ፣ እጅህ የተባረከ ነው፣ ታዲያ ሰው ሆዱ በባሰው ቁጥር ኪኒን ይውጣል ወይ አልሽኝ። እናታችን ስትሞት አንቺ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር፤ ያኔ ማን ኪኒን ሰጠን አልሽኝ። ሁሉንም ሰማሁ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ እንደ ሌላው ጠዋት ሁሉ፣ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ከማትለይሽ የቁልፍ ጣሳ ውስጥ የጨጓራ ኪኒንሽን አውጥተሽ ውጠሽ ነበር። ለጨጓራ ሲሆንስ እንዴት ተፈቀደ ብዬ ልመልስልሽ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተውኩት። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ብረቷ» ይልሻል። እኔ ደግሞ ከብረቷ ጎን ቆርቆሮ ሆኜ መታየት ሰልችቶኛል።

«በራስህ እግር ቁም» አልሽኝ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ ጣለው።»

ያኔ ያልነገርኩሽን አሁን ስሚኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ አንድ ወር ሙሉ ስልክ ያላነሣሁልሽን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ሥራ አልበዛብኝም ነበር። ጭራሽ ሥራ አልሄድኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬ ላይ ካልሲ አድርጌ፣ ሌላውን ካልሲ በእጄ ይዤ እውል ነበር። ሰው ካልሲ ለማድረግ ስንት ጉልበት ይፈልጋል? ያቺም አልነበረችኝም። አዝኜም አይደለም እኮ፤ ያዘነ ሰው ያለቅሳል፣ ይወጣለታል። እኔ ባዶ ነበርኩ። ሁለተኛውን ካልሲ አድርጋልኝ፣ ጫማዬን አስራልኝ፣ ክንዴን ይዛ ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ ባለቤቴ ናት። መድኃኒቱን ጀመርኩ። ለብዙ ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ አንድ ጠዋት የጫማዬን ማሰሪያ እየቋጠርኩ ማንም ሳይረዳኝ ለባብሼ መጨረሴን አወቅሁ።

«ጣለው» ያልሽኝ ይህንን ነው። ይህን ሁሉ ያን ቅዳሜ ብነግርሽ ኖሮ ሌላ ነገር ትዪ ይሆናል፤ አላውቅም። አፍሬ ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ማክሰኞ መናኸሪያ ስሸኝሽ የአውቶቡሱን መስኮት ከፍተሽ ጎንበስ አልሽና አንድ ነገር አልሽኝ። «መጀመሪያ ሰሞን ዓይንህን ቶሎ አታዙር፤ ሲያዞሩት ነው የሚብሰው። ጥርስህን ነክሰህ ቻለው፣ ያልፋል» አልሽኝ። ምን ማለትሽ እንደሆነ ሳልጠይቅሽ አውቶቡሱ ተነሣ። የታላቅ ምክር ነው ብዬ አለፍኩት። ወደ ስፌት ቤቱ ስመለስ ፓኬቱን ከኪሴ አውጥቼ ቁርጥራጭ ጨርቅ የምናጠራቅምበት ጆንያ ውስጥ ወረወርኩት። ለሐኪሟ አልነገርኳት፣ ለባለቤቴ አልነገርኳት።

ሦስት ቀን ጀግና ሆኜ ከረምኩ። እያፏጨሁ ጨርቅ ዘረጋሁ። እንዲያውም፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የዋጥኩት፣ እህቴ እውነቷን ነው እያልኩ ስምሽን አነሣሁ።

በአራተኛው ቀን ሰዓት ለማየት ቀና ስል ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዝዝ ብሎ አለፈ። የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ የነካሁ መሰለኝ፤ ገመዱ ግን ያለው ከግንባሬ ወዲህ ነው። ዓይኔን ወደ ግራ ሳዞር ዝዝ፣ ወደ ቀኝ ሳዞር ዝዝ። ደረጃ ስወርድ እግሬ ይቀድምና ዓለም ግማሽ እርምጃ ዘግይታ ትከተለኛለች። በብርድ ላብ ያጠምቀኛል። የበላሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። በራዲዮ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ሲነገር ሰምቼ ካውያው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ሳሙናው ምንም አላደረገኝም፣ እትዬ፤ እናትየዋ ልጇን «ልብስህ እንዴት ነጣ» ስትለው ነው እንባዬ የመጣው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቁጣው ነው። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ? አንቺው ነሽ ያሳደግሽኝ፣ አንቺው መስክሪ። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ባለቤቴ ሻይዋን ስታማስል ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ኪል ኪል አለ። እንደ እብድ ጮኽኩባት። ምን እንዳልኳት ልጽፍልሽ አልችልም፤ እጄ እምቢ ይላል። እሷ ማንኪያውን ቀስ ብላ ሰሐኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። ስኳር አስጠልቶኝ ነው አለችኝ፤ ስኳር እንደማያስጠላት እኔም እሷም እናውቃለን። አንዴ ረጋ ባለ ድምፅ መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አዎ፣ ምን መስሎሽ ነው አልኳት።

እኔ ደግሞ በየቀኑ ዛሬ ያልፋል፣ ነገ ያልፋል እላለሁ። ያልፋል ብለሽኛላ።

አሁን ወደ ኮቶቹ ልምጣ። አንድ ሆቴል ሊከፈት ነው፤ ለአስተናጋጆቹ ሃያ ኮት አዘዘን። ጨርቁ ፊትና ጀርባው የማይመሳሰል ነው፤ በፊቱ ይብለጨለጫል፣ በጀርባው ደብዛዛ ነው። አጥፈሽ ልትቆርጪው አትችዪም፣ ምክንያቱም ሽቦ የመሰለው መስመሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መውረድ አለበት። ስለዚህ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ደራርቤ ዘረጋሁ። የእጅጌውን ወረቀት አስቀምጬ በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ ምን ይደረጋል? ወረቀቱ ይገለበጥና ሁለተኛው እጅጌ ይሰመራል። ይህን ያስተማርሽኝ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው። የእጅጌ ቅርጽ ከጋዜጣ አስቆርጠሽኝ ሁለቱንም ክንዶቼ ላይ በመርፌ ቁልፍ አስረሽልኝ በቤቱ ውስጥ ስታዞሪኝ ውለሻል፣ ግራና ቀኝ በሥጋዬ እንዲገባኝ ብለሽ።

አልገለበጥኩትም። ወረቀቱን አንሥቼ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ እንዳለ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ሰዓት የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ ጭንቅላቴን እንዳላዞር አንገቴን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጌ መቆሜን ነው። በመቀሱ ድርብርቡን እስከ ታች ወረድኩበት። ሃያ ኮት፣ አርባ ግራ እጅጌ።

ያወቀችው ሰፊዋ ናት። የመጀመሪያውን ኮት ግራ እጅጌ ገጥማ ጨረሰች፤ ቀኙን አንሥታ ብትሞክር አይሆንም፤ ሌላ አንሥታ ሞከረች፤ ሦስተኛ አነሣች። ከዚያ ክምሩን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አንድ በአንድ አየኋቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ቆርጫለሁ፣ እትዬ፤ ጀማሪ እያለሁ እንኳ ይህን አልሠራሁም።

አሠሪያችን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ቢቆጣኝ ምን ነበረበት! አልተቆጣኝም። መቀሴን ከጠረጴዛው ላይ አነሣው። የትኛውን መቀስ መሰለሽ? ከቤት ስወጣ አንቺ የሰጠሽኝን፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የጠመጠምሽበትን። መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። «ለጊዜው ቁልፍ ትከል» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቁልፍ ተካይ ነኝ። ጨርቅ ዘርግቼ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ የሰፊዋ ቦርሳ ተቀምጦበታል።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ለቀኝ እጅጌዎቹ ሌላ ጣቃ ተገዛ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ ግን በሌላ ጊዜ የተነከረ ሆኖ ጠቆር አለ። ሆቴሉ ሲከፈት ሃያዎቹም አስተናጋጆች ቀኝ እጃቸው ከግራቸው ጠቆር ብሎ ሾርባ ያቀርባሉ። ሰው ሁሉ አያስተውለውም ይላል አሠሪያችን። አንቺ ብትሆኚ ከመንገድ ማዶ ታዪዋለሽ።

ያን ዕለት ቤት ስገባ ባለቤቴ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለችውን ሣጥን ከፍታ ጠበቀችኝ። ፓኬቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየች «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ያልፈራሁት ነገር የለም፤ በሽታው ተመልሶብኛል ብዬ ፈርቻለሁ፣ ሱሰኛ ሆኛለሁ ብዬ ፈርቻለሁ፣ አእምሮዬ ሊሄድ ነው ብዬም ፈርቻለሁ። ሁሉንም ነገርኳት። የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማችኝና በማግሥቱ ሐኪሟ ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ድምጿ ከመቀመጫዋ አይነሣም። ገና ዝዝ ይላል ብዬ ሳልጨርስ፣ ዓይንዎን ሲያዞሩ ይብሳል አይደል አለችኝ። ሱስ አይደለም አለችኝ፤ ፈሪም ደካማም አይደሉም አለችኝ። ሰውነት ሁለት ዓመት ከአንድ ነገር ጋር ተላምዶ ሲኖር በአንድ ቀን ሲነጠቅ እንዲህ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ አለችኝ። ብዙዎቹም እንደ እርስዎ ለማንም ሳይነግሩ ነው የሚያቆሙት አለችኝ። የበሽታው መመለስ ይሁን የማቆሙ ጣጣ ለመለየትም ሰው ብቻውን ሆኖ መፍረድ የለበትም፣ በተለይ ጨለማ ሐሳብ ከመጣ ለሰው ሳይነግር አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም አለች። መድኃኒቱን መልሳ አስጀመረችኝ።

ሲረጋጋ ማቆም ከፈለግሁ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስን እንወርዳለን አለችኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል አልኳት። ወራት አለችኝ፤ ምናልባትም ከዓመት በላይ፤ እንዲያውም መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሿ መጠን ናት ከሁሉም ቀስ ተብላ የምትወርደው። ደሜ ፈላ። ለመጣል ግማሽ ደቂቃ ያልፈጀብኝን ነገር በስንት ወር? ጠረጴዛዋን በመዳፌ መታሁት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። እሷ እቴ፣ ከደነገጠች ቁልፌን እበላለሁ። ማቆም ካልፈለጉም ማንም አያስገድድዎትም አለችኝ። ይህኛው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ታስቦኝ አያውቅም ነበር።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ደግሞ ሠንጠረዥ ያለው ወረቀት ሰጠኝ። ቀን፣ የወሰዱት መጠን፣ እንዴት ዋሉ የሚል ነው። በየቀኑ እሞላዋለሁ። እንዴት ዋሉ በሚለው ሥር የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉ «ተናደድኩ» ብዬ ነው የሞላሁት። አሁን ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ዝዝታው በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ይመጣል። ላቡ ቆሟል። አሠሪያችን ትናንት ከተረፉት ግራ እጅጌዎች የኪስ ክዳን ቁረጥ ብሎ የቤቱን መቀስ ሰጠኝ፤ የኔን አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚነካውን፣ የደነዘውን። እያንዳንዱን ክዳን ከመቁረጤ በፊት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አየሁ። እሱ ከበሩ ሆኖ ያየኝ ነበር። መሳቢያውን መቼ እንደሚከፍትልኝ አልጠየቅሁትም።

ባለቤቴ ግን እስካሁን ሻይዋን ያለ ስኳር ናት። ጨምሪ ብላት እምቢ ትላለች። ሲደላኝ እጨምራለሁ ትላለች።

ሦስተኛው ደብዳቤ ይህን ሁሉ ይዞ ነበር፤ መጨረሻው ግን ሌላ ነበር። ብረት ሆነሽ ያልገባሽን ነገር ፈረድሽብኝ፣ ሕመም ምን እንደሆነ የማታውቂ ሰው በሕመሜ ላይ ምን አገባሽ፣ ከእንግዲህ በቤቴ ሣጥን አትክፈቺ የሚል ነበር። ከዚህም የባሰ ቃል ነበረበት። ሐሙስ ጠዋት ልልከው ፖስታውን በኪሴ ይዤ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልጅሽ ደወለችልኝ።

እንዳትቆጪያት። ከሱቅሽ ኋላ ተደብቃ ነው የደወለችልኝ። አጎቴ፣ እናቴ ልክ አይደለችም አለችኝ። የደንበኛ ቀሚስ ዚፕ ወደ ውስጥ አዙረሽ ሰፍተሽ፣ ፈትተሽ፣ መልሰሽ እንደዚያው ሰፋሽው አለችኝ። ቁልፍ ፈሶብሽ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ አለችኝ፤ ብረቷ ስታለቅስ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። በኮሪደሩ ስትሄጂ መዳፍሽን ከግድግዳው አታነሺም፣ ከኋላ ስትጠራሽ አንገትሽን ሳይሆን መላ ሰውነትሽን እንደ ቁም ሣጥን ታዞሪያለሽ አለችኝ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትልሽ ጮኽሽባት። ደህና ነኝ፣ እንዲያውም ጨጓራዬ ድኗል፣ ኪኒኔንም ትቻለሁ ብለሻታል። ከመቼ ጀምሮ ነው የተወችው አልኳት። ከእናንተ ቤት ከተመለሰች ጀምሮ አለችኝ።

«አጎቴ፣ ጨጓራ ሰውን እንዲህ ያደርጋል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ስለ ጨጓራ የማውቀው ነገር የለም አልኳት። እናትሽን ከኋላ አትጥሪያት፣ አጠገቧ ማንኪያ አታጋጪ፣ ብትጮኽብሽም የእሷ ጩኸት እንዳይመስልሽ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያን ደብዳቤ ከነፖስታው ቀደድኩት። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እየተከልኩ ያን ሳምንት ደጋግሜ አየሁት። ያለ መነጽር ያነበብሽውን ረጅም ስም አየሁ። ኪኒንሽን ስትውጪ ፊትሽን ያዞርሽበትን መስኮት፣ ዓይንህን ቶሎ አታዙር ያልሽኝንም የአውቶቡስ መስኮት። በየጥቂቱ እየተናደድኩ ነው ያየሁት፤ ንዴቱ ግን መሄጃ አጣ።

አልጠይቅሽም፣ እትዬ። ካልነገርሽኝም አልቀየምሽም።

አንድ ነገር ግን አድርጌአለሁ። በዚያው ቀን ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመልሼ ያንን ሠንጠረዥ አንድ ተጨማሪ ስጠኝ አልኩት። ለማን ነው አለኝ፤ ለቤተሰብ አልኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለልሽ። መጠን የሚጻፍበትን ባዶ ትቼዋለሁ። የእኔን ቁጥር ልገለብጥልሽ እጄ ዳድቶ ነበር፤ ከዚያ የአንዱን ትከሻ ለክተህ ለሌላው ኮት አትቁረጥ ብለሽ በሜትሩ ጣቶቼን የመታሽኝ ትዝ አለኝና ተውኩት። የአንቺን ልክ የሚያውቅ ሐኪም ይሙላው። የጨጓራ ሐኪምሽም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ብቻ ኪኒኑን በስሙ ንገሪው፣ በአንድ ቀን እንዳቆምሽውም ንገሪው። ዛሬ ነገ አትበዪ። እስክትሄጂ ወረቀቱን የቁልፍ ጣሳሽ ውስጥ አኑሪው፤ እዚያ ማንም አይከፍትብሽም።

እስከዚያም ዓይንሽን ቶሎ አታዙሪ። ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው ግን አልልሽም። እኔ ነክሼ አይቼዋለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አሠሪያችንን ፈቃድ ጠይቄው፣ ቁልፍ ተካይ ቢጎድል ችግር የለም ብሎኛል። የተበላሸውን ዚፕ እኔ እፈታዋለሁ፤ የቆመውን የደንበኛ ሥራ እኔ እቆርጠዋለሁ፤ የኔ መቀስ ተቆልፎበታልና ያንቺን ታውሺኛለሽ። ካልሲም ካስቸገረሽ ካልሲ ማድረግ ተምሬአለሁ። አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ አንቺ ትገቢያለሽ፣ እኔ ውጭ እቀመጣለሁ።

መናኸሪያ መጥተሽ አትጠብቂኝ፤ ግርግሩ አይሆንሽም። እቤትሽ ከመኪናሽ ጋር ቁጭ በዪ። በጓሮ በር እንደ ልማዴ ከኋላሽ መጥቼ ዓይንሽን አልይዝሽም። በመንገዱ በኩል፣ በመስኮቱ ፊት ለፊት ነው የምመጣው፤ አንገትሽን ሳታዞሪ ታዪኛለሽ።

እጅሽን ጤና ያድርገው። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ብረት ሳትሆኚም ዕድሜሽን ያርዝመው። ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ ለመንገዱ ስንቅ እያዘጋጀችልኝ ነው፣ ለአንቺም የሚሆን።

አሁንም ትንሽ የተናደደብሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ